የምትረሳዋ እናት

የንባብ ክፍል፦ ትንቢተ ኢሳይያስ 49፥14-16

የተወደዳችሁ እህቶቼ፣ በፊንጣስ፣ በአቡ ሐሊፋ፣ በማህቡላም ሆነ በመንገፍ ያላችሁ፣ አርብ የምትወጡም የማትወጡም፣ ይህ ወረቀት እጃችሁ ስለገባ ጌታ ይመስገን።

ባለፈው አርብ ከኅብረት ስንወጣ አንዲት እህት እጄን ይዛ፣ "ማማዬ ትናንት ሌባ አለችኝ፣ ዛሬ ጠዋት ደግሞ ልጄ ብላ ሳመችኝ። የትኛውን ልመን?" አለችኝ። የወርቅ አምባር ጠፍቷል፤ ቤተሰቡም ፖሊስ እንጠራለን ብሏታል። የምመልሰው አጣሁ። ሳምንቱን ሙሉ ሩዝ እየለቀምኩም፣ ልብስ እየተኮስኩም ሳስበው ቆየሁ። እኔ ሰባኪ አይደለሁም። ግን አራት ዓመት ሙሉ የምትረሳ እናት ስጠብቅ ቃሉን ሌላ ቤት ሆኜ በማላነበው መንገድ አንብቤዋለሁና ያገኘሁትን ልጻፍላችሁ።

ኢሳይያስን ክፈቱ። ጽዮን እግዚአብሔር ጥሎኛል፣ ከነመኖሬም ረስቶኛል ብላ ታለቅሳለች። ጌታም ስለምታጠባ እናት አንሥቶ ይጠይቃታል። እኔ ብሆን "እናትማ በፍጹም አትረሳም" ብዬ አጽናናት ነበር። አገር ቤት እያለሁ ክፍሉን ሳነብ እንደዚያ የሚል ነበር የሚመስለኝ። ልብ ብላችሁ ስታዩት ግን እንደዚያ አይልም። እናትም ልትረሳ እንደምትችል ጌታ ራሱ ይናገራል። ከዚያ በኋላ ነው እሱ እንደማይረሳት፣ በመዳፉም ላይ እንደቀረጻት የሚነግራት። የእናትን መርሳት አልደበቀውም። አውቆት ነው የተናገረው።

የእኔ ማማ ሰባት ልጅ አሳድጋለች። ትልቁ ልጇ ማታ ማታ ወደ ዲዋኒያ ከመሄዱ በፊት ይመጣል፣ ግንባሯን ይስማል። እሷ ወደ እኔ ዞር ትልና "ሚኑ ሃዛ?" ትለኛለች፤ ይኼ ማነው? ማለቷ ነው። እሱ ይስቃል። አንድ ቀን ሻይ ላደርስ ስወጣ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፎ ሲያለቅስ አየሁት። ስድሳ ዓመት ያለፈው፣ ዲሽዳሻው የተተኮሰ፣ ትልቅ ሰው። የዚያን ዕለት ነው ይህ ጥቅስ ለማን እንደተጻፈ የገባኝ።

በአገራችን ለዚህ ነገር "ጃጀች" እንላለን፣ በዚያው ያልቃል። ሲብስ ደግሞ "መንፈስ ነው"፣ "የሠራችው ነው" ይባላል። ደቀ መዛሙርቱም ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አይተው ማን ኃጢአት ሠርቶ ነው ብለው ጠይቀው ነበር፤ ጌታ ምን እንደመለሰላቸው በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 አለ። ይህ የአንጎል በሽታ ነው። የመርሳት በሽታ ይባላል፣ ዓይነቱ ብዙ ነው፣ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው አልዛይመር ነው፤ እዚህ ዓረቦቹ ዘሃይመር የሚሉት። ስሙ የመጣው አሎይስ አልዛይመር ከተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ነው። በ51 ዓመቷ ሆስፒታል ስለገባች አንዲት ሴት እ.ኤ.አ. በ1906 ለባልደረቦቹ ያስረዳው እሱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ 57 ሚሊዮን ሰዎች ይህ ሕመም ነበረባቸው፤ ከእነሱም ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ይኖራሉ። የባለጸጎች በሽታ አይደለም ማለት ነው። እኛ መንደር ውስጥም አለ፤ ስም ስላልሰጠነው ነው።

አንዲት እህት ሌሊት ማማዋ ላይ እጅ ጭና ጮክ ብላ ስትጸልይ አሮጊቷ ደንግጣ ከአልጋ ልትወድቅ ነበር። እህቴ፣ ጸልዪላት፣ ማንም አይከለክልሽም። ግን በልብሽ ጸልዪ። ከእንቅልፏ ነቅታ የማታውቀው ሰው ሲጮህባት ምን እንደሚሰማት አስቢ።

በሽታው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚወስደው የቅርቡን ነው። ማማ ምሳ መብላቷን አታውቅም፤ ሳህኑን ሳላነሳ "ምሳ የለም ወይ?" ትላለች። የጥንቱን ግን ታውቃለች። ነዳጁ አገሩን ሳይለውጠው፣ ከጭቃ የተሠራ ቤታቸውን፣ ከሻት አልዓረብ በጀልባ ይመጣ የነበረውን የሚጠጣ ውሃ ትነግረኛለች። የጸሎት ቃሏንም አልረሳችም፤ የልጇን ስም የረሳች ሴት ሰጃዳዋ ላይ ስትቀመጥ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ትለዋለች። መስገዷን ረስታ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሦስት ጊዜ ልትሰግድ ትነሣለች። እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ እሷ ሙስሊም ናት። ሰጃዳውን አነጥፍላታለሁ፣ ክንዷን እይዛለሁ። ስጨርስ ደግሞ እንደገና አነጥፋለሁ። አሁን ሰግደሽ ነበር ብላችሁ ብትከራከሩ የምታሸንፉት ምንም ነገር የለም።

ፌብሩዋሪ 25 እና 26 በበዓሉ ርችት ሲተኮስ አልጋ ሥር ለመግባት ትሞክራለች። በመጀመሪያው ዓመት እንደ ልጅነት ቆጥሬው ሳቅሁ፤ ጌታ ይቅር ይበለኝ። ለካ የኢራቅ ወታደሮች የገቡ መስሏት ነው። እ.ኤ.አ. ኦገስት 2 ቀን 1990 ለእሷ አላለፈም። አሁን ርችት ከመጀመሩ በፊት መስኮቱን እዘጋለሁ፣ ቴሌቪዥኑን ከፍ አደርጋለሁ፣ አጠገቧ እቀመጣለሁ።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ ልምጣ፤ ብዙዎቻችሁም ጠይቃችሁኛል። ውሸት ነው ወይስ አይደለም?

የማማ ባል ከሞተ ቆይቷል። እሷ ግን ማታ ማታ ትጠብቀዋለች፣ እራቱ እንዳይቀዘቅዝ ትለኛለች። እኔ እውነት መናገር አለብኝ ብዬ "ማማ፣ ባባ እኮ ሞቷል" አልኳት። ጮኸች፣ ፊቷን መታች። ለእሷ ያን ጊዜ ነው የሞተው። በማግስቱ እንደገና ጠየቀችኝ፣ እንደገና ነገርኳት፣ እንደገና አዲስ ለቅሶ። አንዲትን መበለት በየቀኑ መርዶ አረዳት ነበር። እውነት ተናገርኩ ብዬ ኅሊናዬ አላረፈም፤ እንደውም ባሰብኝ። ደግሞ "ይመጣል፣ መንገድ ላይ ነው" ስላት በሩ ላይ ቆማ እስከ ሌሊት ጠበቀችው። ያም አልሆነም።

ስለዚህ ጉዳይ ስጸልይ ትዝ ያለኝ የይስሐቅ ታሪክ ነው፤ ዘፍጥረት 27። ዓይኑ የፈዘዘ ሽማግሌ ነበር፤ ሚስቱ ምግብ አብስላ፣ ልጁም የፍየል ቆዳ ለብሶ አታለሉት። ኃጢአቱ የት ላይ ነው? የእሱን ድካም ለራሳቸው ጥቅም ማዋላቸው ላይ ነው። እኔ የማየው እንደዚህ ነው፤ የተሻለ የምታውቁ አርሙኝ። ለእኔ እንዲቀለኝ፣ ወይም ከእሷ አንድ ነገር ለማግኘት ባታልላት የያዕቆብን ቆዳ ለብሻለሁ። አሁን ስለ ባሏ ስትጠይቀኝ ሞተ አልልም፣ ይመጣልም አልልም። "ናፈቀሽ አይደል ማማ? ምን ምን ይወድ ነበር?" እላታለሁ። ዓሣ ይወድ ነበር፣ ዙበይዲ ከባሕር ሲመጣ አንድም አይቀርም ነበር ትላለች። ስለ ዓሣው አሥር ደቂቃ ካወራን በኋላ የጠየቀችውን ትተዋለች። የጠየቀችው ናፍቆቷን ነበር እንጂ መረጃ አልነበረም። ቤቷ ተቀምጣ "ቤቴ ውሰጂኝ" ስትልም እንደዚሁ ነው። ቤትሽ ይኼ ነው አትበሏት። እጇን ይዛችሁ ግቢውን አንድ ዙር ዙሩ፤ ስትመለሱ ብዙ ጊዜ ቤቷ ደርሳለች።

ስለ ሌባነቱ ልንገራችሁ። እኔም ላይ ደርሷል። ሁለት አምባር ጠፋ፤ ማማ ጣቷን ወደ እኔ ቀሰረች፣ ማዳምም አመነቻት። ሻንጣዬ ሳሎን መሐል ተገለበጠ፣ የውስጥ ልብሴ ሳይቀር በሾፌሩ ፊት ተበተነ። ስድስት ቀን በዚያ ቤት ውስጥ ሌባ ሆኜ ኖርኩ። በስድስተኛው ቀን ሩዝ ልቀዳ ጆንያው ውስጥ እጄን ስከት አምባሩን አገኘሁት፤ በመሀረብ ተጠቅልሎ፣ በማማ አስተሳሰር። ይቅርታ የጠየቀኝ የለም። ለማንም አልመኘውም።

የዚህ በሽታ ጠባይ መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው። ሰው ዕቃውን ይደብቃል፣ መደበቁን ይረሳል፣ አንጎሉ ባዶውን ቦታ ሊሞላ "ተሰረቅሁ" ይላል። ጣቱንም የሚቀስረው ብዙ ጊዜ አጠገቡ ባለው ሰው ላይ ነው፤ የምታቅፈውም የምትከሰሰውም አንድ ሰው ናት። ስለዚህ የጠየቅሽኝ እህቴ፣ "ሌባ" ያለችው በሽታው ነው። "ልጄ" ያለችው ግን እሷ ትመስለኛለች። ማስረጃ የለኝም፤ ግን እንደዚያ አምኜ ነው የምሠራው።

እስከዚያው ግን የዋሃን ብቻ ሳይሆን ብልሆችም እንሁን። ሥራ ስትጀምሩ ለማዳም አስቀድማችሁ ንገሯት፤ "ማማ ዕቃ ትደብቃለች፣ ወርቋን እባክሽ አንቺ ያዥው" በሉ። ሲጠፋ ብቻችሁን አትፈልጉ፣ ከቤተሰቡ አንድ ሰው ጥሩ። መደበቂያዎቿን አጥኑ፤ የትራስ ልብስ፣ የጫማ ውስጥ፣ የቆሻሻ ቅርጫት፣ የእኔዋ ደግሞ ፍሪጅ። የማታነቡትን የዓረብኛ ወረቀት በምንም ምክንያት አትፈርሙ፣ አስተርጓሚ ጠይቁ። ወዲያውም ለአንዲት እህት ደውሉ፤ ማንም ሳያውቅ ብቻችሁን አትሁኑ።

ሌላው ቪዲዮ ነው። ማማቸው ስትቀባዥር፣ ስትጨፍር፣ ሽንቷ ሲያመልጣት ቀርጸው ቲክቶክ ላይ የሚለቁ አሉ። ከመካከላችንም አሉ፣ አይቻለሁ። በኩዌት ሕግ ሊያስከስስ መቻሉ አንድ ነገር ነው። ግን ዘፍጥረት 9ን አንብቡ። ኖኅ ራቁቱን ሆኖ ሳለ አንዱ ልጁ አይቶ ወጥቶ አወራ። ሁለቱ ግን ልብስ በትከሻቸው ይዘው፣ ፊታቸውን አዙረው፣ ወደ ኋላ እየሄዱ አባታቸውን ሸፈኑ። ማማን ሳጥባት ይኼን አስባለሁ። መጀመሪያ ፎጣ ጭኗ ላይ አደርጋለሁ፣ የማጥበውን ብቻ እገልጣለሁ። ከኋላዋ አልመጣም። ውሃውን በእጇ አስነካታለሁ፣ "አሁን እጅሽን ነው፣ አሁን እግርሽን ነው" እያልኩ። በፊት ትማታ ነበር፤ መማታቷ ደግሞ እውነት አላት። የማያውቁት ሰው ልብሳችሁን ቢያወልቅ እናንተስ ዝም ትላላችሁ?

እኔም የምናዘዘው አለኝ። ባለፈው ክረምት ለአራት ሌሊት አልተኛሁም። ማማ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተነሥታ በሩን ትደበድባለች፤ ቀን ደግሞ የቤቱ ሥራ አይጠብቅም። በአምስተኛው ሌሊት አንጓዋን ይዤ ጎትቼ አልጋው ላይ አስቀመጥኳት። ቆዳዋ እንደ ስስ ወረቀት ነው። ጠዋት አራት ጣቴ በሰማያዊ ተጽፎ አየሁት። እሷ ረስታዋለች። "ይኼ ምን ሆነ?" ብላ እጇን ለእኔው አሳየችኝ።

ከዚያ ወዲህ ድካምን መንፈሳዊ ማድረግ ትቻለሁ። በአንደኛ ነገሥት ምዕራፍ 1 ንጉሥ ዳዊት አርጅቶ ልብስ ቢደራርቡለትም አይሞቀውም፤ ሱነማይቱን አቢሳን አመጡለት። ልጆቹ ውጪ ስለ ዙፋኑ ይጣላሉ፣ እሷ ክፍሉ ውስጥ ታገለግለዋለች። ሁሉን ታያለች፣ ሁሉን ትሰማለች፣ መጽሐፉ ግን አንድ ቃል እንኳ እንደተናገረች አልጻፈም። እህቶቼ፣ ስለ ውርስ ሲጣሉ፣ ስለ ፊርማ ሲጯጯሁ አቢሳን ሁኑ፤ አትግቡበት። ስለ እንቅልፋችሁ ግን አቢሳን አትሁኑ፣ ተናገሩ። የኩዌት የቤት ሠራተኞች ሕግ፣ እ.ኤ.አ. የ2015ቱ ቁጥር 68፣ የሥራ ሰዓት በቀን ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ በሳምንትም አንድ የዕረፍት ቀን እንዲኖር ይላል። ማማ ሕጉን አታነብም፤ ሌሊት ትነሣለች። ማዳም ግን ታነባለች። እኔ "ሌሊቱን እኔ ብቻ ከያዝኩ አንድ ቀን ትወድቅብናለች" ብዬ ነው የጀመርኩት፣ ስለ እኔ ሳይሆን ስለ እናቷ። አሁን ሁለት ሌሊት ልጅቷ ራሷ ታድራለች። አርብ ከሰዓት በኋላም እወጣለሁ። ሙሉ ቀን አይደለም፣ ገና እየጸለይኩበት ነው።

ይህ ሕመም አይመጣም ወይ እንዳይመጣ ይደረጋል ወይ ለሚለው፣ እስከ ዛሬ የሚፈውስ መድኃኒት የለም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2023 እና በ2024 የፈቀደቻቸው ሌካኔማብና ዶናኔማብ የሚባሉት አዲስ መድኃኒቶች ገና በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ላሉ ሕመምተኞች ጥቂት ያዘገያሉ እንጂ አያድኑም። ስለዚህ በስልክ "ይፈውሳል" እያሉ ለሚሸጡት ዘይትና ቅጠል ደመወዛችሁን አትስጡ። ግን ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው የሊቃውንት ቡድን እ.ኤ.አ. በ2024 እንዳወጣው፣ 14 ነገሮች ቢስተካከሉ ከዚህ ሕመም 45 በመቶ ያህሉን መከላከል ወይም ማዘግየት ይቻል ነበር። ከእነሱ ውስጥ የደም ግፊት፣ ስኳር፣ ሲጋራ፣ አለመንቀሳቀስ፣ የጆሮ አለመስማት፣ የዓይን መድከም፣ ድባቴ፣ የጭንቅላት ጉዳትና ብቸኝነት አሉ። በልጅነት ትምህርት ማጣትም አለበት። ይኼን ሳነብ ደነገጥኩ። አገር ቤት "ቤት ትርዳ" ተብላ ከትምህርት የቀረች ታናሽ እህት ያላችሁ፣ የምትልኩት ገንዘብ መጀመሪያ ለደብተሯ ይሁን።

እዚህ ኩዌት ደግሞ ስኳሩ ነው። ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ግምት ከአዋቂዎቹ ሩብ ያህሉ ስኳር አለባቸው። ሻዩን የምናፈላው እኛ ነን! ማማ "ስኳር ጨምሪ" ስትል ማንኪያውን አያታለሁ፣ አማስላለሁ፣ ብዙ አማስላለሁ። (ይኼ ማታለል ነው አትበሉኝ፤ ማዳም ታውቃለች፣ ሐኪሙም ብሏል።) ፀሐይ ስትበርድ ወደ ባሕሩ ዳር እንወጣለን፣ ትንሽ እንሄዳለን። ምስር ስለቅም አብራኝ ትለቅማለች፤ የለቀመችውን ማታ እንደገና እለቅመዋለሁ፣ ግን እጇ ሥራ ይዟል። ፎጣ ታጥፋለች። ከአንድ ሰው ጋር ስትቀመጥና ብቻዋን ቴሌቪዥን ፊት ስትቀመጥ ሁለት የተለያየች ሴት ናት።

አንድ ነገር ግን አደራ። በቀናት ወይም በሰዓታት ውስጥ ድንገት ብትለወጥ፣ እንቅልፍ ቢጫናት ወይም ፈጽሞ ቢምታታባት "በሽታው ባሰባት" ብላችሁ አትተዉት። የሽንት ኢንፌክሽን፣ የውሃ እጥረት፣ አዲስ መድኃኒት ሊሆን ይችላል፤ ያ ይታከማል፣ የዚያኑ ቀን ይነገር። ያረጀ ሰው ጥማት ቶሎ አይሰማውም። ይህ አገር እ.ኤ.አ. ጁላይ 21 ቀን 2016 ምትሪባ ላይ 53.9 ዲግሪ የተለካበት አገር ነው። ውሃ ትፈልጊያለሽ ብላችሁ አትጠይቁ፣ ብርጭቆውን እጇ ላይ አድርጉላት፣ እናንተም አብራችሁ ጠጡ።

በመጨረሻ የራሴን ላንሣ። ባለፈው ወር ሐይቅ ደውዬ አያቴን አገናኙኝ አልኩ። እኔን ያሳደገችኝ እሷ ናት። "ጃጅታለች፣ ምን ታደርጊላታለሽ?" አሉኝ። ለካ ወጥታ እንዳትጠፋ ጓዳ አስገብተው ከውጭ ይቆልፉባታል። ቆርቆሮውን፣ በሩን፣ ቁልፉንም የገዛሁት እኔ ነኝ፤ በዚህ በምጠብቀው እጄ። ያን ቀን የማማን እራት ሳበላ ማንኪያው ተንቀጠቀጠብኝ። አሁን ለአክስቴ ልጅ በየወሩ ጥቂት እልካለሁ፤ ቀን ቀን ከእሷ ጋር እንድትቀመጥ፣ ጤና ጣቢያ ወስዳ ግፊቷን እንድታስለካ፣ ቁልፉንም እንድትጥል። ማማን ስጠብቅ የተማርኩትን ሁሉ በስልክ አስተምራታለሁ።

አያቴ አንገቷ ላይ ንቅሳት አላት፣ በልጅነቷ የተነቀሰችው። ማማ ደግሞ ለበዓል ሂና ትደረጋለች፤ በሁለት ሳምንት ይለቃል። ጌታ በመዳፌ ቀርጬሻለሁ ያለው ሂና አይደለም፣ ንቅሳት ነው። አያቴ ስልኩን ስትይዝ "ማነሽ አንቺ?" አለችኝ። ስሜን ነገርኳት። "አላወቅሁሽም" አለች። ዝም አልኩ፣ እንባዬ መጣ። እሷ ግን ቀጠለች፤ "የማንም ልጅ ሁኚ፣ በሰው አገር ነው ያለሽው መሰለኝ፤ እግዚአብሔር በሰላም ይመልስሽ፣ ክፉ አይንካሽ፣ እደጊ" ብላ እንደ ድሮው አድርጋ እስክትጨርስ መረቀችኝ።

አምባር ጠፋ የተባለባት እህታችን ጉዳይ ገና አላለቀም። እሑድ ማታ ከማዳም ጋር ሆነው ሩዙን፣ ፍሪጁንና የትራሶቹን ልብስ ሊፈትሹ ነው። በዚያ ሰዓት፣ ከሌሊቱ 3 ሰዓት ላይ፣ በያላችሁበት ወጥ ቤት ሆናችሁ አስቧት። ማማዋንም አስቧት።